የውሉ ቃልና የአዋጁ ቃል

መንግሥት ከባዕድ መንግሥት ጋር የሚዋዋልበት ቃል በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ማኅተም ይደረግበታል፤ በሣጥን ይቀመጣል። ስለዚያው ነገር ለገዛ ሕዝቡ የሚናገረው ቃል ግን በአገራችን ለብዙ ዘመን የተነገረው በአደባባይና በገበያ ነው። የውጭ ግንኙነታችን ታሪክ ሲጻፍ የፊተኛው ቃል በሰፊው ይተረካል፤ መልእክተኞቹ በስማቸው ይጠራሉ፤ ስጦታው በዝርዝር ይቀርባል፤ የውሉም አንቀጽ አንድ ባንድ ይቆጠራል። የኋለኛው፣ ማለት ገበሬውና ነጋዴው ንጉሣቸው ከማን ጋር ምን እንደ ተዋዋለ በምን መንገድ ይሰሙ እንደ ነበር የሚገልጸው ታሪክ፣ ከዚያ እጅግ ያነሰ ስፍራ ተሰጥቶታል። እኔ ግን የሁለቱ ቃላት ልዩነት ራሱ ታሪክ ነው እላለሁ፤ ይህንም ለመመልከት ከአሊዩ አምባ የተሻለ መቆሚያ የለም።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ፣ የሸዋ ደጋ ተሰብሮ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደላማ አገር፣ በአምባ ራስ ላይ የተቀመጠች የይፋት መንደር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መንግሥት የንግድ በር እርስዋ ነበረች። አርጎባው ይኖርባታል፤ የሐረር ነጋዴ ይሰፍርባታል፤ አፋሩ ጨው በግመል ጭኖ እስከ እግርጌዋ ይመጣል። ግመል ዳገቱን ስለማይወጣ ጭነቱ እዚያ በአህያና በበቅሎ፣ አንዳንድ ጊዜም በሰው ትከሻ ይለወጣል። በዓርብ ገበያዋ ላይ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጥጥ፣ ፈረስና በቅሎ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅና ዶቃ ይሸጥ ነበር። የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የባሪያ ንግድ መንገድ በእርስዋ አጠገብ እንደሚያልፍ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የበሩ ጠባቂ በጎንጮ የሚቀመጠው የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር። ከባሕር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ወደ ንጉሡ ከመድረሱ አስቀድሞ በወላስማው እጅ ያልፋል። ስለዚህ ወሬ በአንኮበር ግቢ ሳይሰማ በአሊዩ አምባ ይሰማ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጥር 1831 ዓ.ም. እንግሊዞች የኤደንን ወደብ ያዙ። ከዚያ ወዲህ በማዶ ያለው የአፍሪካ ባሕር ዳርና ከኋላው ያለው ደጋ ያሳስባቸው ጀመር። በዚያው ዓመት የሚስዮን ሰዎች የነበሩት ኢዘንበርግና ክራፕፍ ወደ ሸዋ መጡ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም የጦር መሣሪያ እንዲላክለት ሽቶ በሕንድ ላሉት እንግሊዞች ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክት ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ በብዙ ድካም አቋርጦ፣ በሐምሌ 1833 ዓ.ም. ከዳገቱ ሥር ከፋሬ ደረሰ። ለንጉሡ የመጣው ስጦታ መድፍና ጠመንጃ ያለበት ከባድ ጓዝ ነበር።

ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ሃሪስ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ያን ጓዝ ከፋሬ ወደ ላይ ለማውጣት በንጉሥ ትእዛዝ 600 ያህል ተሸካሚዎች ተሰበሰቡ። ሁሉም የእስልምና ተከታዮች የሆኑ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ እያጉረመረሙ ተሸከሙ ይላል። እነዚህ ሰዎች ንጉሣቸው ከታላቅ የባሕር ማዶ መንግሥት ጋር ወዳጅነት ሊመሠርት መሆኑን የሰሙት በንግግር አይደለም፤ በትከሻቸው ነው። የሸዋ መንግሥት የውጭ ጉዳይ አቋም ለይፋት ሰው የተገለጸበት የመጀመሪያው መንገድ ሸክም ነበር ማለት ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ፣ ስለ ምንስ እንደ መጣ፣ ለማን ጥቅም እንደ ሆነ የነገራቸው እንደሌለ ማጉረምረማቸው ይመሰክራል። ጸሐፊው ማጉረምረሙን የጻፈው የሰዎቹን ስንፍና ለማሳየት ነው፤ ዛሬ ለሚያነበው ግን ትርጕሙ ሌላ ነው። በዚያ ጉዞ ስለ ውጭ ጉዳይ የተሰማው የሕዝብ ድምፅ እርሱ ብቻ ነበረና።

ውሉ በኅዳር 1834 ዓ.ም. በአንጎለላ ታተመ። አንቀጾቹ 16 ነበሩ። የወዳጅነትና የንግድ ውል ስለ ሆነ ከማንም ይልቅ የሚነካው የአሊዩ አምባን ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ በነፃ እንዲመላለስ፣ በዕቃውም ላይ የተወሰነ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል ይናገራልና። ሃሪስ ከዚህ በላይ የሚኮራበት ነገር ነበረው። ከጥንት ጀምሮ ተራው ሰው ውድ ዕቃ እንዳይገዛና በአደባባይ እንዳይታይበት የሚከለክለው ሥርዓት በዚህ ውል ተሻረ ብሎ ጽፏል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ለገበያው ታላቅ የምሥራች ነው። የምሥራቹ ግን ወደ ገበያው ሳይሆን ወደ ለንደን ሄደ። ሃሪስ በ1836 ዓ.ም. ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በለንደን ያለ አንባቢም በቤቱ ተቀምጦ የሸዋ ንጉሥ ምን እንደ ፈረመ ለማንበብ ቻለ።

በዚያው ዓመት ሌላ መጽሐፍ በለንደን ወጣ። ጸሐፊው ቻርልስ ጆንስተን የሚባል ሐኪም ሲሆን፣ በ1834 ዓ.ም. ከሃሪስ በኋላ መጥቶ፣ ታምሞም ስለ ነበር፣ ብዙ ወራት በአሊዩ አምባ ቤት ይዞ ኖሯል። ሃሪስ አገሩን ከድንኳንና ከግቢ ሆኖ ሲያይ፣ ጆንስተን ከጎረቤት ሆኖ አየው። ስለዚህ የመልእክቱን ሥራ አጥብቆ ነቀፈ። የሁለቱ እንግሊዞች ጠብ የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ግን በግቢ የተፈረመው ወዳጅነት በመንደር እንደ ወዳጅነት አለመታየቱን ከዚህ መረዳታችን ነው። መልእክቱ በ1835 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ከንጉሡ ጋር ሌላ ውል ተዋዋለ። ሁለቱም ውሎች በሥራ ላይ ሳይውሉ ቀሩ፤ በአሊዩ አምባም ዓርብ ዓርብ ገበያው እንደ ወትሮው ቆመ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለሕዝቡ የሚናገርበት መንገድ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። የዘመቻ አዋጅ ነበር፤ የግብር አዋጅ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት አስጎስሞ፣ ሕዝቡ በብዛት በሚገኝበት ቀንና ቦታ ይናገራል፤ ከቃሉም ጋር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። ይህች ቃል የሥርዓቱ ቁልፍ ናት። መንግሥት እስከ ገበያው ድረስ ያመጣል፤ ከገበያው ወዲያ ግን ቃሉን የሚያደርሰው ሰሚው ራሱ ነው። ጨው ሸጦ የሚመለሰው፣ በሬ ገዝቶ የሚሄደው፣ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋና በራሱ ማስተዋል ለመንደሩ ያደርሳል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥርዓት የሚነገር ነገር አጭር፣ ግልጽና ከሰሚው ኑሮ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ አለዚያ ከገበያው ዳር አያልፍም። ባለ 16 አንቀጽ ውል በዚህ መንገድ አይሄድም። ዝመት የሚል ቃል ግን ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ 40 ዓመት ያህል አለፈ። በ1869 ዓ.ም. በማርኬዝ አንቲኖሪ የሚመራው የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክት በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ በሚባለው ቦታ ተቀመጠ። ቀጥሎ የመጣው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ውል ተዋዋለ፤ የአሰብና የአውሳ መንገድ ተከፈተ፤ ጠመንጃ የጫነ ሲራራ ነጋዴ ያንኑ የይፋት ዳገት መውጣት ጀመረ። የአካባቢው ሰው ኢጣልያን ያወቀው በዚህ ነው፤ ወዳጅ፣ ነጋዴ፣ ጠመንጃ አምጪ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ሲፈረም በገበያ ላይ የሚነገር ምንም አዲስ ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

የ17ኛው አንቀጽ ነገር የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ሊሠሩ ይቻላቸዋል ይላል፤ በኢጣልያንኛው ግን የውዴታው ነገር ወደ ግዴታ ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ ይህን በ1882 ዓ.ም. የተረዱት ከእንግሊዝና ከጀርመን ነገሥታት በመጣ መልስ ነው። በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. የአገራቸውን ወሰን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ለአውሮፓ መንግሥታት ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ከኢጣልያ የተበደሩትንም ገንዘብ ከፈሉ። ይህ ሁሉ ለባዕድ የተነገረ ቃል ነው። ለሕዝቡ ያን ጊዜ አዋጅ አልወጣም። ሕዝቡስ በምን ላይ ነበረ? ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ እርሻው ያለ በሬ ቀርቶ፣ በክፉ ቀን ረኃብ ይረግፍ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ አንድ ግሥ ትርጕም አዋጅ ቢነገር ማን ያሰማው ነበር?

የአዋጁ ጊዜ የመጣው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ይህ የክተት አዋጅ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ጀግንነቱ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው የውጭ ጉዳይን ለሕዝብ በማስረዳት ረገድ ያለውን ብልሃት ነው። በአዋጁ ውስጥ ውጫሌ የሚል ቃል የለም፤ 17ኛ አንቀጽ የሚል የለም፤ ስለ ትርጕም ክርክር የተነገረ የለም። ነገሩ ሁሉ ወደ ሰሚው ኑሮ ተመልሶ ተነግሯል። እግዚአብሔር የሰጠውን የባሕር በር አልፎ አገርና ሃይማኖት የሚያጠፋ ጠላት መጣ ይላል። ቀጥሎ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ዛሬ ስለ ምን ዝም እንዳሉ ምክንያት ይሰጣሉ፤ የከብቱን ማለቅና የሰዉን ድካም አይተው ቸል እንዳሉት ይናገራሉ። ጠላቱም ይህን ትዕግሥት እንዳላወቀ፣ ይልቁንም አፈሩን እንደ ፍልፈል እየቆፈረ እንደ ገፋ ያስረዳሉ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በኀዘንና በጸሎት እንዲረዳቸው ይለምናሉ። ከልመናው በኋላ ማስፈራሪያው ይከተላል፤ በማርያም ስም ተምሎ የቀረ ሰው አማላጅ እንደማይኖረው ይነገራል። በመጨረሻም የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገኝ ቀንና ቦታ ይቆረጣል።

የ1888ቱን አዋጅ ከ1833ቱ ሸክም የሚለየው ምንድን ነው? በሁለቱም ጊዜ ሕዝቡ የታዘዘው በጉልበቱ እንዲያገለግል ነው፤ ከምክሩ ግን በሁለቱም ጊዜ አልተጠራም። ነገር ግን በሁለተኛው ጊዜ ለታዘዘው ሰው ምክንያት ተነገረው። ንጉሠ ነገሥቱ ለምን እንደ ዘገዩ ለገበሬያቸው መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ሆነው ተናገሩ። ረኃቡን ያልረሳ ሰው ረኃቡ በአዋጅ ሲጠቀስ ሲሰማ ነገሩ የግቢ ነገር ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የተባለውም በሙሉ ኀይሉ የሠራው ያን ጊዜ ነው፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የማይጎድል ሆኖ ተቀምሮ ነበርና።

አንድ ነገር ግን ሳላነሣ አላልፍም። በአሊዩ አምባ ዓይነት ስፍራ፣ ሰሚው በአብዛኛው የእስልምና ተከታይ በሆነበት፣ በማርያም የተማለ አዋጅ እንዴት ይሰማ ነበር? ሃይማኖትህ ሲባል የማን ሃይማኖት ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አዋጁን የጻፉት ሰዎች አሳባቸውን የሰጡት ለአንዱ ወገን ሰሚ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ወደ ዓድዋ ከዘመተው ሕዝብ መካከል የእስልምና ተከታዮችም ነበሩ። አገር የሚለውን ቃል የየራሳቸው አድርገው ሰሙት ማለት ነው፤ ትርጓሜውን የጨመሩት ሰሚዎቹ ናቸው እንጂ አዋጁ አይደለም። ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሲሽር፣ የአገሪቱን ነፃነት ያጸናው ይህ ሁሉ ሰሚ የተዋጋበት ነገር ነው።

ለአሊዩ አምባ ግን ዘመኑ ዞሮ ነበር። ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከተያዘ ወዲህ የባሕሩ ንግድ ወደ ሐረርና ወደ ጅቡቲ መንገድ አዘነበለ፤ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ገባ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የውጭ እንግዳ ከዚያ በኋላ የይፋትን ዳገት አይወጣም። ወሬውም ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ከላይ ወደ ታች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር ሆነ።

መስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። አባልነቱ የተገኘው ስለ ባሪያ ንግድ ከባድ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ፣ መንግሥቱም ንግዱን ለማጥፋት ቃል ከገባ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ። የቀድሞው የባሪያ መንገድ ባለፈበት በይፋት ይህ አዋጅ ምን ያህል ነገር እንደሚነካ መገመት አያዳግትም። ሕዝቡ ግን የሰማው ስለ ባሪያ የወጣ የአገር ውስጥ ሕግ ነው፤ በዤኔቭ ስለ ተገባው ቃል አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1917 ዓ.ም.፣ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ከዚያ በፊት አእምሮ የተባለው ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት ሰዎች ይደርስ ነበር። ፊደል ለቆጠረው የከተማ ሰው የዓለም ወሬ መነበብ ጀመረ። ፊደል ያልቆጠረው ግን እንደ ቀድሞው ነጋሪቱን ይጠብቃል።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሣ። ነገሩ ወደ ዤኔቭ ሄዶ ወራት ሙሉ ሲመላለስ የኢጣልያ ጦር በቀይ ባሕር ይጓዝ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቁ ነጋሪት ተመታ፤ የክተት አዋጁም ተነበበ። በዚህ ዘመን ሬዲዮ ነበረ፤ በአቃቂ የተሠራው ጣቢያ የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ እስከ አሜሪካ አድርሷል። የገዛ ሕዝባቸው ግን መቀበያ ስላልነበረው የሰማው በነጋሪት ነው። ይህን የመሰለ አስገራሚ ነገር በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ታየ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዤኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። በአዳራሹ የነበሩት አብዛኞቹ ቋንቋውን አያውቁም፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ሕዝብ ደግሞ አገሩ ተይዞ ነበርና ሊሰማ አልቻለም። ቢሆንም በባዕድ ቋንቋ አለመናገራቸው ከንቱ አልነበረም። በውጫሌ ጊዜ አማርኛው ቅጅ በኢጣልያንኛው ተሸፍኖ ነበር፤ በዤኔቭ ግን የመጀመሪያው ቃል አማርኛው ሆነ፤ ትርጕሙ እርሱን ተከተለ። ለባዕድ የሚነገረውና ለሕዝብ የሚነገረው ቃል አንድ ሆኖ የተገኘበት ቀን ቢኖር ያ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከአዳራሹ ውጭ ነበረ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወጣ። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ስሙን ያወጣ ሰው ነገሩን ያውቅ ነበር፤ ከበሮው ቀርቶ ወረቀት ሲተካ አደራው እንዳይቀር ስሙ ተላለፈ። ዛሬ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ይታተማል፤ በአንዱ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ይገኛል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው እንዲሆን በ1987 ዓ.ም. በሕግ ተደንግጓል። ስለ ውጫሌ የሚያውቅ ሰው ይህን ድንጋጌ ሲያነብ የማን ደም እንዳለበት ያስተውላል። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ55ኛው አንቀጽ፣ አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን የውጭ ውሎች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጸድቅ ያዝዛል።

ማጽደቂያው በአዋጅ ይወጣል፤ በነጋሪት ጋዜጣም ይታተማል። ብዙዎቹ የማጽደቂያ አዋጆች ግን አንድ ገጽ የማይሞሉ ናቸው። ውሉ በማንና በማን መካከል፣ መቼና የት እንደ ተፈረመ፣ የብድር ውልም ከሆነ የገንዘቡ ልክ ስንት እንደ ሆነ ይናገሩና፣ ውሉ በዚህ አዋጅ ጸድቋል ብለው ያበቃሉ። የውሉ ቃል ራሱ በአብዛኛው ከአዋጁ ጋር ተያይዞ አይታተምም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ይቀመጣል። አሊዩ አምባ ዛሬም በዚያው በገደሉ አፋፍ ላይ አለች። የብድሩን ዕዳ ከሚከፍሉት መካከል የ600ዎቹ ተሸካሚዎች የልጅ ልጆች አሉበት፤ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቁትም ዛሬ በማጉረምረም ሳይሆን የጋዜጣውን ቁጥርና ገጽ ጠቅሰው ነው።